የማዳም ቤልዋን ቆጠራ

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ባንዲራው ተውለበለበ፤ የሃያ አራት ሰዓቱ የመኪና ውድድር አለቀ። አርባ ሰባት ቁጥር፣ አረንጓዴዋ መኪና፣ አንድ መብራቷን አጥታ፣ እየተንገጫገጨችም ቢሆን በራሷ ሞተር መስመሩን አለፈች።

አንሰልም ቤልዋን ቅባት የነካውን እጁን በጨርቅ ጠርጎ አለቀሰ። ስልሳ ዓመት የሞላው መካኒክ ነው። ከሳርት ወንዝ ዳር ካለችው ትንሽ ጋራዡ ከዘንድሮ በፊት ሦስት ዓመት መኪና አምጥቷል፤ ሦስቱንም ዓመት መኪናው መንገድ ላይ ቀርቶበታል። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ውጤት ላይ ቢወጣ ሌላ አልፈልግም ይል ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውጤቱ ተለጠፈ። አርባ ሰባት ቁጥር የለችም።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ አሸናፊው ከዞረው ሰባ በመቶውን ያልዞረ መኪና፣ የመጨረሻውን መስመር ቢያልፍም እንዳልጨረሰ ይቆጠራል። ለዘንድሮ ልኩ ሁለት መቶ አርባ አራት ዙር ነበር። ዳኞቹ ለአርባ ሰባት የጻፉላት ሁለት መቶ አርባ ሦስት ነው።

"የምን አርባ ሦስት!" አለች ሚስቱ ዩጌት። "እኔ ዘንድ አርባ አራት ነው።"

በዚያ ዘመን ዙር የሚቆጠረው በእጅ ነው። ዳኞቹ የራሳቸው ቆጣሪ አላቸው፤ እያንዳንዱም ቡድን የራሱን ያስቀምጣል፣ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን ሚስት። ዩጌት ሁለት የእጅ ሰዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከወንበሯ አልተነሳችም። ተኪ እናምጣልሽ ሲሏት ተቆጣች። ማለዳ ላይ አንሰልም የሽንኩርት ሾርባ ሲያመጣላት፣ ጉንጯ በእርሳስ ተለቅልቆ፣ ቀና እንኳ ሳትል እየተጣደፈች ስትጽፍ ነበር ያገኛት። ሌሊት ያመጣላት ሾርባም ሳይነካ ቀዝቅዟል። እንዲህ ያለች ሚስት ለማን ተሰጥታለች ብሎ በልቡ ኮራ።

"ተይው ዩጌት፤ ከዳኛ ጋር ተከራክሮ ማን አሸንፎ ያውቃል?" አላት አሁን።

"ካልመጣህ እዚሁ ቁም። እኔ እሄዳለሁ።"

ተከተላት።

የዳኞቹ ክፍል ውስጥ ያገኙት ሬዢስ የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። የአርባ ሰባት ቁጥር ዙር በሌሊቱ ፈረቃ የተቆጠረው በእሱ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

"ማዳም፣ የዳኛ ቆጠራ የመጨረሻ ነው" አላት።

"የመጨረሻ የሚሆነው ትክክል ሲሆን ነው። መዝገብህን አውጣ፤ የኔም ይኸው።"

"እንዲህማ ሁሉም መኪና ያለው እየመጣ..."

"ሕጉ ለተቃውሞ አንድ ሰዓት ይሰጠኛል፤ ገና ሃያ ደቂቃ አለኝ። ካልፈለግህም እዚሁ እቀመጣለሁ። ሃያ አራት ሰዓት መቀመጥ እንደምችል አይተሃል!"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንሰልም ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ በሩ አጠገብ ቆመ። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም።

ሬዢስ እጅ ሰጠና መዝገቡን ገለጠ። መስመር በመስመር አስተያዩ። የማታው ልክ ነው። የእኩለ ሌሊቱም ልክ ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ጉሙ ከወንዙ ወጥቶ መንገዱን ባለበሰበት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ግን ተለያዩ። እሱ ሰባት ዙር ጽፏል፤ እሷ ስምንት።

ሬዢስ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። "እዚህ ላይ ጽሕፈትዎ ከሌላው ሁሉ ያምራል" አለ። "ስምንቱም ዙር አምስት አምስት ደቂቃ። በዚያ ጉም እንኳ ሾፌራችሁ አልቀነሰም?"

"የኛ ልጅ በዚህ ጉም ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ምኑን ይፈራዋል!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ይልቅ አንተ ንገረኝ። ሰባቱን ስትጽፍ መኪናዋን አየሃት? ዓይን ዓይኔን እያየህ መልስልኝ። በዚያ ሰዓት ነቅተህ ነበር?"

ወጣቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ማዳም፣ ከልምምዱ ሌሊቶች ጋር ሳልተኛ ሦስተኛ ሌሊቴ ነበር። ትንሽ አሸለበኝ። ስነቃ... በጉም ፍጥነት ይቀንሳሉ ብዬ በግምት ሰባት ሞላሁ። እባክዎ አለቃዬ እንዳይሰማ።"

"እንግዲያው ጻፍ" አለችው።

ጻፈ። ሁለት መቶ አርባ አራት።

አሥራ አራተኛና መጨረሻ ሆነው ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ተጨመረ። አንሰልም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸው። የጎረቤት ቡድን መካኒኮች ጀርባውን እየደበደቡ ወይን ቀዱለት፤ ለዩጌትም ጮማ የተቀባ ዳቦ አቀበሏት፤ ቆማ በላችው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ደስታው በረድ ሲል ግን ንዴቱ መጣ።

"በሥራው ላይ የሚተኛ!" አለ መኪናቸው ወደ ቆመበት ሲመለሱ። "ሰው ዓመት ሙሉ ይለፋል፣ እሱ ያንኮራፋል! አንቺ ባትኖሪ ቀልጠን ነበር። ነገ ለአለቃው ደብዳቤ ጽፌ ካላስባረርኩት አንሰልም አይደለሁም!"

ዩጌት ክንዱን ያዘች። ግራና ቀኝ አየች።

"ልጁን ተወው አንሰልም፤ እኔም ተኝቼ ነበር።"