የባሏ ጥንቃቄ

ሔርሜላ በሩን ስትከፍት በስደት በምትኖርበት በዋይት ሲቲ ሰፈር ገና በቅጡ አልነጋም ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ ልጄ» አሉ አንድ አባት፣ ዓይኗን ሳያዩ። እሷና ባሏ ከካሪቢያን እረፍታቸው የተመለሱት ትናንት ማታ ነበር፤ ለእናቷ የገዛችው የዛጎል አምባር አሁንም ከእጇ አልወለቀም።

ዞር ስትል ባሏ ስልኳን እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። እረፍቱን ሙሉ ሲያስጠነቅቃት ነበር የሰነበተው። «ቱሪስት በሌለበት ወቅት አጭበርባሪው ሁሉ የሚከበው እኛን ነው። በነጻ ነው ቢሉሽ እንዳትቀበዪ። ስልክሽም እኔ ጋ ይሁን፣ በሆቴሉ ዋይፋይ ገብተው ይዘርፉሻል።» እሷም ፍርሃቱ አስቋት ሰጠችው። አምባሩን ስትለካ ግን፣ «የእማዬ እጅ ቀጭን ነው፣ ይሰፋት ይሆን?» ብላ ብትጠይቀው፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«እማዬ መቼ አረፈች?» አለችው አሁን፣ አምባሩን እያየች።

«እዚያ በደረስን በማግስቱ። ሰው በሌለበት አገር ብቻሽን እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት። በዚያ ባሕር ዳርቻ አንድም ባዕድ አላታለላትም ነበር።