ጠቅ እስኪል

መዳፍ የሚያህለው የእንጨት አውሮፕላን ፊቱን አዞረባት።

ቀስ ብላ ወደ መቆሚያው ስታወርደው፣ ልክ ሊነካ የጥፍር ያህል ሲቀረው፣ የማይታይ እጅ ወደ ጎን ገፋው። ደገመች። ደግሞ ሸሸ። ጎንበስ ብላ የመቆሚያውን አናት አየች፤ ምስር የምታህል ማግኔት፣ መሀሏ ላይ ቀይ ነጥብ። ከጎኑ ያለውንም አየች። ቀይ። ቀጥሎ ያለውም ቀይ። ስድስቱም ተደርድረው በቀይ ዓይናቸው አፈጠጡባት።

«ምነው ዝም አልሽ? መቀስ ዛሬ ዶለዶመች እንዴ?» አለ አባቷ ከጠረጴዛው ማዶ። በምላሷ የተነሳ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው።

«አቧራህን እየጠረግሁልህ ነው።»

«አቧራው እንኳ ካንቺ ቀድሞ ሥራ ገብቷል።»

እንደሚጠርግ ሰው መቆሚያዎቹን በጨርቅ አሸት አሸት አደረገቻቸው።

በዚህ የአባቷ መሥሪያ ክፍል ውስጥ የማይሻር ሕግ አለ። ማግኔት ሁሉ በአንደኛው ፊቱ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ ይደረግበታል። በአውሮፕላኑ ሆድ ላይ ነጥቡ ይታያል፤ በመቆሚያው አናት ላይ ግን ወደ ውስጥ ይቀበራል። ያን ጊዜ ሁለቱ ይፈላለጋሉ። ሁለቱም ነጥቦች ከታዩ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ይገፋፋሉ። እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ አንዷን ገልብጣ አጣብቃ፣ አባቷ ሳምንት ሙሉ «ገልባጯ» ሲላት ከርሟል። እሱ ግን በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ይህንንም ያልሰማ ሰው በሰፈሩ የለም።

ማግኔቶቹ የሚቀመጡት እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እያዩ፣ እንደ አጭር ዘንግ ሆነው ነው። ትናንት አባቷ ዘንጉን በግልባጩ ይዞታል ማለት ነው። የሳተው አንዴ ነው፤ ስድስቱም ተከትለውት ገደል ገቡ። ማጣበቂያው አሁን ድንጋይ ሆኗል።

ሐኪሙ ስለ አባቷ «የሄደው የዓይን ብርሃን አይመለስም» ካለ ወዲህ ታላቅ ወንድሟ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያወራው፤ ይህ ክፍል ይዘጋ፣ አባዬ እኔ ቤት ይግባ። አባቷም አሻፈረኝ አለ። እሷም «አንተ ሚስማር እንኳ አቅንተህ መምታት የማትችል፣ ስለ እጁ ምን አገባህ?» ብላ ወንድሟን አባረረችው። በመጨረሻ አባቷ ራሱ ቆረጠው። «ስድስቱን መቆሚያ ብቻዬን እሠራለሁ። አንዱ ቢስት ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እወጣለሁ።»

ወንድሟ ረፋድ ላይ መኪና ይዞ ይመጣል። ረፋዱ ደግሞ መስኮቱን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል።

«አስቀምጫቸው እንጂ፤ ድምፁን ልስማ» አለ አባቷ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ። አውሮፕላን መቆሚያው ላይ ሲገባ ጠቅ ይላል። አሁን ዓይኑ ያቺ ድምፅ ናት።

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ፒንሳ ታያት። አንስታ የአውሮፕላኑን ሆድ አስጠጋችበት።

ጠቅ።

«አንድ» አለ አባቷ። ትከሻው ላላ።

አውሮፕላኑን ከፒንሳው አላቅቃ ድምፅ ሳታሰማ ጨርቅ ላይ አስተኛችው። ሌላውን አነሳች። ጠቅ።

«ሁለት።»

ሦስተኛውም ጠቅታ ከዚያው ቦታ ሲመጣ፣ «ሦስት» ሲል ድምፁ ዘገየ። በአራተኛው መቁጠሩን ተወ። እሷ ግን አንዴ ከገባችበት ወዴት ትመለስ? አምስተኛውንም ስድስተኛውንም አስጮኸች። የመጨረሻውን ከፒንሳው ሳታላቅቅ ተወችው።

«አለቀ!» አለች፣ ከልኩ በላይ ጮክ ብላ። «እንኳን ወንድም ጋሼ፣ ነፋስ ቢመጣ አያነቃንቃቸውም።»

አባቷ እጁን ዘረጋ። «ፒንሳውን አቀብዪኝ።»

«የቱን ፒንሳ?»

«ስድስት አውሮፕላን ያረፈበትን።»

ሰጠችው። አውሮፕላኑ ከነፒንሳው መዳፉ ላይ አረፈ። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰ፣ ጅራቱን ዳበሰ፣ ብረቱ ከሆዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዘንጉን ገልብጬ ያስቀመጥኩልህ እኔ ነኝ። አንተ ምን አጠፋህ?»

«አንቺ ጥፋትሽን አምነሽ አታውቂም፤ ዛሬ በኔ ልትጀምሪ ነው?»



አውሮፕላኑን ከፒንሳው አላቀቀና በግራ እጁ መቆሚያዎቹን ፈለገ። የመጀመሪያው ላይ አወረደው፤ ገፋው። ሁለተኛው ላይ አወረደው፤ ገፋው። አልተቻኮለም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እጁን አንድ በአንድ መለሱለት። ውጪ የመኪና በር ተዘጋ። የወንድሟ እርምጃ ደረጃውን ይወጣ ጀመር፤ በዚያ እንደ ግንበኛ በሚረግጠው ረገጣው።

«አባዬ፣ ገና አልደረቀም እንበለው» አለች በሹክሹክታ። «ነገ ና እንበለው።»

አባቷ ስድስተኛው ላይ ደርሷል። አውሮፕላኑ እንደ ሌሎቹ ሊሸሽ ተንሸራተተ፤ እሱ ግን በዚህኛው ላይ አልለቀቀውም፤ በአንድ ጣቱ ጀርባው ላይ ተጫነው።

በሩ ተንኳኳ። «ደረሳችሁ?» አለ ወንድሟ ከውጪ።

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ በብርሃኑ መሀል፣ መቆሚያው ላይ ቀጥ ብሏል። የአባቷ ጣት ከላዩ አልተነሳም፤ ቢነሳ ይሸሻልና ጥፍሩ እስኪነጣ ተጭኖታል።