«ይሄ ለዳኛ ነው የተጻፈው»

“ኔይ... አልገባኝም ልጄ።”

ሪሃና ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ ጋሽ ያሕያን አየቻቸው።

ከፉሩሴት ወደ መሀል ኦስሎ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጋሽ ያሕያ የወሎ ሰው ናቸው። ኦስሎ ሃያ ስድስት ዓመት ስለኖሩ “አይ” ማለቱን ትተው “ኔይ” ይላሉ። ብሪን አካባቢ ያለ የቢሮ ሕንጻ ያጸዳሉ። የሪሃና አክስት የሰሊማ ጎረቤት ናቸው።

ሪሃና ደግሞ ለስድስት ሳምንት የክረምት ትምህርት ከአዲስ አበባ የመጣች የሕግ ተማሪ ናት።

ጎበዝ ናት... ይሄ አይካድም። ችግሩ ጉብዝናዋን እሷም አሳምራ ታውቀዋለች።

በማግስቱ የፕሮግራሙ የመጨረሻ የልምምድ ችሎት አለ። ያሸነፈ ተማሪ እዚያው ኦስሎ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማርበት ቦታ ያገኛል። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሪሃና ከአገሯ ከመነሳቷ በፊት ጀምሮ የራሷ አድርጋ ቆጥራዋለች።

የደረሳት ጉዳይ፣ ከመጋዘን ስልክ ሰርቋል ለተባለ ሠራተኛ ጥብቅና መቆም ነው።

ንግግሯን ለጋሽ ያሕያ በአማርኛ የነገረቻቸው ምክር ፈልጋ እንዳይመስላችሁ... እንዲያደንቋት ነው።

“የቱ ነው ያልገባዎት?”

“‘ዐቃቤ ሕግ የማስረዳት ሸክሙን በሕጉ የምዘና ደረጃ ልክ አልተወጣም’ ያልሽው። ሰውየው ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?”

“ሰርቋል የሚያስብል ነገር የለም። የመጋዘኑ ቁልፍ እኮ በአምስት ሰው እጅ ነበር።”

“ታዲያ እሱን በይዋ። እንዲህ ስትይው ገባኝ።”

ሪሃና ሳቀች። ጨዋ ልጅ ስለሆነች ንቀቱ ብዙም አልታየባትም።

“ጋሽ ያሕያ፣ ይሄ እኮ ለዳኛ ነው የተጻፈው። ለእርስዎ አይደለም።”

ሰውየው ፈገግ አሉ።

“አብሽሪ ልጄ፣ ይቅናሽ።”

የሥራ ቦርሳቸውን አንስተው ብሪን ላይ ወረዱ።

ሪሃና ትንሽ ቅር አላት... እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ ብቻ።

በማግስቱ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ያሸነፈች ያህል እየተራመደች ገባች።

የዳኞቹ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች አሉ።

መሀል ላይ ጥቁር ካባ የለበሰችው ማርያ፣ ሠላሳ ዓመት የዳኘች ሴት። በቀኝ በኩል አንድ የአውቶቡስ ሹፌር።

በግራ በኩል... ጋሽ ያሕያ። ሱፍ ለብሰዋል፣ መነጽር አድርገዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በወንጀል ችሎት ከባለሙያው ዳኛ ጋር ሁለት ተራ ነዋሪዎች ይቀመጣሉ። ሜድዶመር ይሏቸዋል። ሕግ አልተማሩም፤ ድምጻቸው ግን ከዳኛው ድምጽ እኩል ነው።

ሪሃና ይሄን በሁለተኛው ሳምንት ተምራዋለች። ፈተና ላይም በትክክል መልሳዋለች። ግን አገሯ ችሎት ላይ ሕግ ያልተማረ ሰው ሲፈርድ አይታ ስለማታውቅ፣ ለወጉ የሚቀመጡ መሰላት። ንግግሯን ሁሉ መሀል ላይ ለምትቀመጠው ዳኛ ጻፈችው።

ጋሽ ያሕያ ደግሞ ሜድዶመር ከሆኑ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለልምምዱ ተጋብዘው ነው የመጡት፤ የየትኛውን ተማሪ ጉዳይ እንደሚሰሙ ግን የነገራቸው የለም።

ትናንት የናቀቻቸው ሰው ዛሬ ሊፈርዱባት ነው።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣላት... “ያገሬ ሰው ናቸው፣ አይጨክኑብኝም።”

ሁለቱም አልሆነም።

ጋሽ ያሕያ እጃቸውን አነሱ።

“ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። አክስቷ ጎረቤቴ ናት፣ ንግግሯንም ትናንት ሰምቻለሁ። ልፈርድላትም ልፈርድባትም አይገባኝም። ሌላ ሰው ይተካ።”

ይሄን ብለው ከወንበሩ ወረዱ። ባጠገቧ ሲያልፉ ዞር ብለው እንኳን አላዩአትም። ኋላ ሄደው ከተመልካቹ ጋር ተቀመጡ።

በሳቸው ቦታ መዋዕለ ሕጻናት የምትሠራ አንዲት ሴት ተተካች።

ሪሃና ወረቀቷን አየችው... ለሹፌሩና ለሴትየዋ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም።

አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ ተንተባተበች። ከዚያ ያቺው በራሷ የምትተማመነው ሪሃና ተመለሰች። ማርያን አየቻት፣ ሹፌሩን አየችው፣ ሴትየዋን አየቻት።

“የመጋዘኑ ቁልፍ በአምስት ሰው እጅ ነበር። ፖሊስ የጠየቀው አንዱን ብቻ ነው። አራቱን ማን ጠየቀ? እነሱ ሳይጠየቁ ይሄን ሰው ሌባ ብለን ወደ እስር ቤት ልንልከው ነው?”

ዳኞቹ ለአርባ ደቂቃ መክረው ተመለሱ።

ደንበኛዋ በነጻ ተሰናበተ... ሁለት ለአንድ። ቦታውም የሪሃና ሆነ።

አሁን ልብ በሉልኝ። “ጥፋተኛ ነው” ብላ በልዩነት የወጣችው ማን መሰለቻችሁ?

ማርያ። ያ ሁሉ ንግግር የተጻፈላት ዳኛ።

ደንበኛዋን ነጻ ያወጡት ሹፌሩና የመዋዕለ ሕጻናቷ ሠራተኛ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በዚያው ባቡር ሲመለሱ ሪሃና አንገቷን ደፋች።

“ጋሽ ያሕያ፣ ለትናንቱ አውፍ ይበሉኝ። በጣም ነው ያፈርኩት። ግን ሜድዶመር መሆንዎን ለምን አልነገሩኝም?”

“ብነግርሽማ ወዲያው ትሰሚኝ ነበር። ያ ደግሞ ደስ አይለኝም። የሚያጸዳውም ሰውዬ እኮ እኔው ነኝ።”



ወዳጆቼ... በራስ መተማመን መልካም ነው። ሪሃና አሁንም አልተወችውም፣ መተውም የለባትም። ግን የሰውን አስተያየት በሥራው አትመዝኑ። “አልገባኝም” ብሎ በግልጽ የሚነግራችሁ ሰው፣ ገብቶት ሳይሆን አፍሮ ከሚያጨበጭብላችሁ ይልቅ ይጠቅማችኋል።

እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጋሽ ያሕያ ዝም ብለው ቢቀመጡ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ልጅቷ ደግሞ ያገራቸው ልጅ ናት፣ ያላትም ዕድል አንዲት ብቻ ናት...

እናንተ በሳቸው ቦታ ብትሆኑ ከወንበሩ ትነሱ ነበር ወይስ ትቀመጡ ነበር? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።