ዋጠው

አባቴ መንጋጋዬን በግራ እጁ ጨምቆ አስከፈተኝና በቀኙ የተጠበሰውን ጉበት አፌ ውስጥ ጠቀጠቀው።

«ዋጥ! ዋጠው ነው የምልህ!»

ጀርባዬ ሥጋ መክተፊያው ጠረጴዛ ላይ ተጣብቋል። ልገፋው እጄን አነሳሁ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ዝሎ ወደቀ። አምና ይሄ እጅ ከመኪና ላይ ግማሽ በሬ ያወርድ ነበር።

የዓመቱ መጀመሪያ ላይ የያዘኝ ትኩሳት ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን እንደያዘኝ ቀረ። እንቅልፍ እንኳ አያሳርፈኝም፤ ስነቃም ደክሞኝ ነው። ሐኪሟ ደጋግማ ከመረመረችኝ በኋላ፣ «ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብላ። ሆድህን አንዴ ከሞላኸው ያለችህንም ጉልበት እሱ ይወስዳታል» አለችኝ። ጠዋት አጃ፣ ረፋድ ላይ እንቁላል፣ ከዚያ ምስር፣ ሲመሽ ሙዝ እያልኩ ሰነበትኩ። ቢያንስ ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ሥጋ መጠቅለል ችዬ ነበር።

አባቴ ግን ሰፈሩ «መጥረቢያው» የሚለው ሰው ነው። ዛሬ ከሉካንዳው ጀርባ ባለው ክፍል ምስሬን በማንኪያ ስቆነጥር ሲያየኝ ደሙ ፈላ።

«የባለ ሉካንዳ ልጅ እንደ ጫጩት ፍሬ ይለቅማል! ሰው ምን ይለኛል?» ሳህኑን ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ከዚያ አንገቴን አንቆ ጠረጴዛው ላይ አስደገፈኝና ጉበቱን ይጠቀጥቅብኝ ጀመር።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ በሩጫ መጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ልትገለው ነው!» ጀርባውን በቡጢ ደበደበችው። ዞር ሳይል በክርኑ ገፈተራት። ከሚዛኑ ጋር ተላትማ ወደቀች፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

ጣቱ አፌ ውስጥ ነበር። ነከስኩት። የቀረችኝን ሁሉ ጥርሴ ላይ አድርጌ ነከስኩት፤ አጥንቱ ተሰማኝ። አባቴ ጮኸ። በሌላ እጁ ጆሮ ግንዴን አጮለኝ፤ አልለቀቅኩም። ደገመኝ። ያኔ ጉልበቴ ከዳኝና ወለሉ ላይ ተዘረርኩ።

ሊረግጠኝ እግሩን አነሳ።

ፊቴን ልከልል ፈለግኩ። እጄ ወለሉ ላይ ትንሽ ተርገፈገፈና ቀረ፤ አልታዘዘኝም። አባቴ አየው። እግሩ አየር ላይ እንዳለ ቆመ፤ ቀስ ብሎ መለሰው።

«ተነስ» አለኝ። «ተነስ እንጂ ልጄ።» በሁለተኛው ድምፁ ሰለለ።

«አልችልም አባዬ። ስንፍና አይደለም። አልችልም።»

«ዓመቱን ሙሉ ነግሮሃል» አለች እናቴ፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ። «ጆሮ ያጣኸው አንተ ነህ።»

አጠገቤ ተንበረከከ። «እንደ ድሮው ይሆንልኛል ብዬ እኮ ነው» አለ። እጁን ወደ ግንባሬ ሲዘረጋ እናቴ መታችው። «እንዳትነካው!»

እጁን ሰበሰበ። ሳይነካኝ እዚያው ተቀመጠ። ዓይኔን ከደንኩ፤ መክደን ብቻ ነበር የማይከብደኝ።

ከፊት ለፊት ባንኮኒው ተንኳኳ። «መጥረቢያው! የት ገባህ? ሁለት ኪሎ መዝንልኝ እንጂ!»

አባቴ ሲነሳ ሰማሁት። በሽፋሽፍቴ መሀል አየሁት፦ በሩ ላይ ቆሞ፣ የተነከሰውን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «እሽሽ» አለ። «ልጄ ተኝቷል።»

ደሙ በአገጩ ላይ ይወርድ ነበር።