በሩ ላይ የቀረ ጫማ

መነኩሲቷ ሲስተር ሄለን ከእርዳታ ሳጥኑ ቡናማ ጫማ አውጥተው እናቴ እግር ሥር አስቀመጡ። እናቴ ጫማውን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ምንድን ነው ሀረጌ? ጫማ የሌለኝ መሰላቸው እንዴ?»

«ባዶ እግርሽን ስላዩሽ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያን በጫማ ይገባል? በሩ ላይ አውልቄው ነው በያቸው። የኔው ደግሞ ከዚህ ይሻላል።»

የመጨረሻዋን አልተረጎምኩም። ሲስተር ፊታቸው ቀላ፤ ሳቁና ወደ ፎርሙ ተመለሱ።

አሜሪካ ውስጥ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ፣ እዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በአውቶቡስ የመጣነው እናቴ ጥገኝነት የምትጠይቅበትን ፎርም ለመሙላት ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ቆመናል፤ አባቴ ከመያዙ በፊት ሦስት ወር የደበቀው ሰው ማን ነው?

«ስሙ ካልተጻፈ ዳኛው ላያምነን ይችላል» አሉ ሲስተር። ካላመነን መመለስ ነው።

ሰውየው ዛሬም አገር ቤት እዚያው ቀበሌ ይኖራል፤ ስሙ ከወጣ እሱም ይያዛል።  እናቴ ግድግዳው ላይ ወዳለው የሴት ሥዕል በአገጯ አመለከተች።

«ያቺስ? እሷም ባዶ እግሯን ናት።»

ሲስተር ነገሩን። ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር የሥጋ ነጋዴ ሚስት ነበረች። የካቶሊክ ቄስ መደበቅ በሞት በሚያስቀጣበት ጊዜ ቄሶችን ቤቷ ደበቀች። ፍርድ ቤት ስትቀርብ ለክሱ መልስ አልሰጥም አለች፤ ከመለሰች ልጆቿ እንዲመሰክሩባት ይገደዳሉና። በላይዋ በር አጋድመው፣ ድንጋይ ጭነው ገደሏት። ከመሞቷ በፊት ጫማዋን ለሴት ልጇ ላከችላት።

ቀስ ብዬ ተረጎምኩላት።

«ለልጅቷ ልኳ ሆነ?» አለች እናቴ።

«እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ ሲስተር። ከዚያ ብዕራቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የሰውየውን ስም ታውቂዋለሽ?»

አባቴ ሲደበቅ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴን እራት በሰሃን ከድኜ ሰውየው ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ስሙ አፌ ላይ መጣ። እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ይዛ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ በእንግሊዝኛ።

እናቴ ምን እንዳልኩ አልጠየቀችም።

ሲስተር ሄለን ቦታውን ባዶ ትተው ገጹን ገለጡ። እናቴ ቡናማውን ጫማ በባዶ እግሯ ገፋ አድርጋ፣ በጠረጴዛው ሥር ወደ እኔ አስጠጋችው።