የቀረችው ወንበር

ከተጋባን ጀምሮ ከባሌና ከእህቱ ጋር የትም ብንሄድ ዕቃ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ቁልቢ ሲሳለሙም፣ ሶደሬ ሲዋኙም እኔ ሻንጣ ታቅፌ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሻንጣ እንድጠብቅ በአውሮፕላን ኢስታንቡል ድረስ ወሰዱኝ። ማዕረግ ነው እንግዲህ።

ባሕሩን ሊያዞረን የነበረው ትልቁ ጀልባ ተበላሸ ተባለ። ትንሿ ጀልባ የቀራት አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ነገ ወደ አገራችን ተመላሽ ነን። እኔ በዕድሜዬ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ማን ጠይቆኝ።

ባሌ ውብሸት ታላቅ እህቱን፣ "እትዬ፣ አንቺ ግቢ" አላት።

"በሞቴ፣ አንተ ግባ። እኔን ውሃ ያዞረኛል።"

"እኔ ልሙት፣ አንቺን ትቼ አልገባም።"

እኔን በሞቴ ያለኝ የለም። ሻንጣዎቹን ተራምጄ ገባሁና ተቀመጥኩ። ጀልባዋ ከወደቡ ስትርቅ እነሱ ገና ይገባበዛሉ።