ቁጥር አሥራ ሰባት

ይርሳው ሰነፍ አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይነገርለት፤ በኋላ ያደረገውን ስትሰሙ ቶሎ እንዳትፈርዱበት።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ያለው የሊቃውንት መታሰቢያ ማኅበር ድረ ገጽ ሲከፍት፣ የሠላሳ ስድስት ሟች መምህራንን ድምፅ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠው እሱ ብቻውን ነው። ካሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው፣ አንዳንዶቹም ሁለት ሁለት ሆነው በላስቲክ ታስረው ነበር የመጡት። የላላውን ክር በእስክርቢቶ ጠቀለለ፤ የተላቀቀውን የስም ወረቀት በሙጫ መልሶ ለጠፈ፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ሰጠ። መምህራኑ እንደሆኑ እገሌ ነኝ አይሉም፤ በቀጥታ ቅኔያቸውን ነው የሚጀምሩት።

ቁጥር አሥራ ሰባት የማንኩሳው መሪጌታ ላቀው ናቸው። ሲሞቱ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ንግሥቴ አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አልተዉላቸውም። ስለዚህ ወይዘሮ ንግሥቴ በየገበያው ቀን በሚኒባስ ይመጡና፣ ዘንቢላቸውን በሩ ሥር አስቀምጠው፣ "እስቲ አሰማኝ ልጄ" ይሉታል።

አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላለቀሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጸጥ ብለው ይሰማሉ። ይርሳው በልባቸው ጽናት ይደነቅ ነበር።

"እግዜር ይስጥህ። ለፍተህበታል" ይላሉ ሲያልቅ። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ሁልጊዜ፣ "ሌላስ የለም?"

"የሳቸው ይህ ብቻ ነው፣ እማማ።"

አንድ ቀን ብቻ፣ "ካሴት ሲያረጅ ድምፅ ይለውጣል እንዴ?" ብለው ጠየቁት።

"ትንሽ ይለውጣል" አላቸው።

"እንግዲያው ይሆናል" ብለው ዘንቢላቸውን አነሡ።

በሁለት ሺህ ስድስት ማኅበሩ አሮጌውን ድረ ገጽ ትቶ ወደ አዲስ ሥርዓት እንዲዛወር ተወሰነ። የአሮጌው ሰርቨር ኪራይ በሰኔ መጨረሻ ያበቃል። ይርሳው ትልቅ ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ ለያንዳንዱ ገጽና ድምፅ አንድ መስመር፤ በመጨረሻ ሁለት ሣጥን፣ "ተዛወረ" እና "ተረጋገጠ"። ከፍተህ ሳትሰማ "ተረጋገጠ" አይባልም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው።

አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመለስም ኔትወርኩ የለም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ወንዳወቅ በየሰዓቱ በሩን እየከፈቱ፣ "ስንት በመቶ ደረስን?" ይላሉ። ይርሳው ደከመው። ኔትወርኩ ሲመለስ ከአሥራ ስምንት ጀምሮ ያሉትን ጫነና፣ አንዱንም ሳይሰማ የቀሩትን ሣጥኖች በአንድ ትንፋሽ ምልክት አደረገባቸውና ፈረመ።

ሐምሌ ላይ አዲሱን ድረ ገጽ ሲከፍት ሠላሳ አምስቱ ይናገራሉ። አሥራ ሰባት ዝም። ፋይሉ ስም ብቻ ነው፣ ውስጡ ባዶ። አሮጌው ሰርቨር ተዘግቷል። የገዛ ኮምፒዩተሩንም ለአዲሱ ሥርዓት ብሎ፣ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጭኖታል። ወደ ዕቃ ቤት ሮጠ፤ ካሴቶቹን ያለፈው ክረምት ጣራ አፍስሶባቸው ሻግተዋል። ይርሳው እዚያው ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ። ሰውዬውን ሁለተኛ ገደልኳቸው አለ በሆዱ።

"ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ችግር አለበት" አላቸው አቶ ወንዳወቅን።

"መቶ በመቶ ብለን ሪፖርት ልከን? አንተ ልጅ፣ ጉድ ልታፈላብን ነው? በል ዝም በል!"

ዝም አለ። ወይዘሮ ንግሥቴ ሲመጡ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም። "ድምፁ ገና እየተጓጓዘ ነው" አላቸው።

"ከየት ነው የሚመጣው? ከቡሬ ነው?"

"ከሩቅ ነው፣ እማማ።"

"ቀስ ብሎ ይምጣ። ብቻ አደራህን፣ ሲጓጓዝ ከሌላው እንዳይደባለቅ፤ ለይተህ አምጣልኝ።"

ይርሳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሦስት ገበያ እንዲሁ መለሳቸው። ፍልሰታን ሊቆርብ ቆርጦ ነበር፤ በምን አፌ ብሎ ተወው።

በአራተኛው ሳምንት ያን ነገር አደረገ። ቁጥር አሥራ ስምንት የሽንዲው መሪጌታ ባንተአምላክ ናቸው። ባለቤታቸው ነቀምቴ ልጃቸው ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ድምፃቸውን የጠየቀ የለም። ይርሳው አዳመጣቸው፤ ያው የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ። ፋይሉን ገልብጦ አሥራ ሰባት ላይ፣ "መሪጌታ ላቀው ዘማንኩሳ" ከሚለው ስም ሥር ጫነው። ባሏ የሞተባትን ሴት በሌላ ሰው ድምፅ ማታለል! ይህን ንስሐ አባት ፊት እንዴት አድርጎ ይናገረዋል?

ቅዳሜ ወይዘሮ ንግሥቴ መጡ፤ ዘንቢላቸውን በሩ ሥር አስቀመጡ።

"ደረሰ?"

"ደርሷል፣ እማማ።"

ከፈተው። ቅኔው ገና ከመጀመሩ የወይዘሮ ንግሥቴ እጅ ከጭናቸው ተነሣ። አንገታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አሰገጉ። ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ በነጠላቸው ጫፍም አልጠረጉትም።

አለቀልኝ አለ ይርሳው። አወቁብኝ። ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ..."

"ዝም በል፣ ይጨርስ!"

ይርሳው እንደተንበረከከ ቆየ። ቅኔው አለቀ። ወይዘሮ ንግሥቴ ጎንበስ ብለው ጉንጩን ሳሙት።

"ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ እንጂ ልጄ፣ አራት ዓመት የሰው ባል ስታሰማኝ ከርመህ፣ ዛሬ ገና የኔን አመጣህልኝ።"